የካፒታኖው ዝንቦች

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥልፍ ንድፍ ነበር። አሁን ካባ የሚያሠራኝ የለም። መኳንንቱ ግማሹ ዱር ገብቷል፣ ግማሹ አፈር ገብቷል፣ የቀረው ደግሞ ጣሊያን የሰጠውን ካፖርት ለብሶ ይዞራል። ወረቀቱ ባክኖ ከሚቀር ልጻፍበት አልኩ።

ዛሬ አንድ ካፒታኖ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ከአምቦ መንገድ ዳር ካለው የጦር ሰፈር። ባለቤቴ ወለተጻድቅ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ ጥላ ጓዳ ገባች። ሰውዬው ግን ከኪሱ ያወጣው ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ነው። ውስጡ መንጠቆዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ላባና ሐር ተጠምጥሞበት ዝንብ መስሏል። ብል በልቷቸዋል። «ሐር ክር ያለህ የጥልፍ ሠራተኛ አንተ ነህ አሉኝ። እንደዚህ አድርገህ ትሠራልኛለህ?» አለኝ። ሚሲዮን የተማርኩት ፈረንሳይኛ ስላለ ጣሊያንኛው ግማሹ ይገባኛል፤ የቀረውን በእጁ ይጨምርልኛል።

ዓሣ ሊያጠምድበት ነው። በአገሩ ትሮታ የሚሉት ዓሣ አለ አሉ፤ ጎኑ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ የሚወድ፤ ውሃው ላይ ያረፈ ዝንብ ሲያይ ዘሎ የሚይዝ። እዚህ እንደሌለ ያውቃል። «የትንሹ አቃቂ ዓሣም ዓሣ ነው፤ ምን ላድርግ» አለ።

እሠራለሁ አልኩት። ቀጥዬ ስለ ወንድሜ ጠየቅሁት። ስሙን ጽፌ ሰጠሁት፦ ሀብተሥላሴ፣ መምህር፣ የካቲት አሥራ ሁለት ከቀትር በኋላ መንገድ ላይ የተያዘ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «አስጠይቃለሁ» አለ።

ሦስት ወር ሙሉ ስሙን ተቀብሎ ያጠፈልኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፪

ካፒታኖው የሚፈልገው ገብስማ ነው። ያውም የአውራ፣ ያውም ያረጀ፤ የወጣት ዶሮ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። ከአንገቱ ብቻ ነው የሚነቀለው። አንድ ዶሮ ደህና ላባ የሚሰጠው ለስድስት ዝንብ ነው፤ ሥጋውን እኛ እንበላለን።

ዶሮ ነጋዴዋ ሰብሪያ ዛሬ በገበያ መሃል አሳቀችብኝ። «ጌታዬ፣ ባለፈው ሳምንት ገብስማ፣ ዛሬም ገብስማ! ውቃቢዎ ሌላ አይበላም?»

«ለዓሣ ነው» አልኳት።

«ዓሣ ዶሮ መብላት የጀመረው መቼ ነው?» አለችና ለጎረቤቷ ዓይኗን ጠቀሰች።

ምን ብዬ ላስረዳት? ሁለት አውራ ዶሮ እግራቸውን አስሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

ጽጌማርያም፣ የወንድሜ ሚስት፣ እንደገና ፀጉሯን ተላጭታለች። መጋቢት ላይም ተላጭታ ነበር። ቅማሉ አልለቅ አለኝ ትላለች። እኛ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ቅማል ያየሁባት አልመሰለኝም፤ ግን የሴት ነገር ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት ፳

የማጥመዱ የመጀመሪያ ቀን። ሥራዬ እንዲህ ነው፦ ጧት ወንዙን አየዋለሁ። የወንዙ ወለል ጠጠር ከታየ ጠርቷል፤ ካልታየ አልጠራም። ሄጄ ለካፒታኖው እነግረዋለሁ፤ እሱ የሚወጣው እኔ ዛሬ ነው ካልኩት ብቻ ነው። ስለ ውሃ ያለውን እውቀት ሁሉ በእኔ ላይ ጥሎታል፤ እኔ ደግሞ ስለ ውሃ የማውቀው እንደሚያረጥብ ብቻ ነበር።

አብረውት የሚመጡት ሁለቱ አስካሪ ወታደሮች እላይ መኪናው ጋ ይቀራሉ። ጥላቸው ውሃው ላይ ሲወድቅ ዓሣው ይሸሻል ብሎ እንዳይወርዱ ከልክሏል። እኔ መረቡን ይዤ አንድ እርምጃ ከኋላው እቆማለሁ። አራት ያዘ፤ ሁሉንም ሰጠኝ።

«የወንድሜስ ነገር?» አልኩት።

«መልስ አልመጣም።»

ሰኞ፣ ግንቦት ፳፫

ወለተጻድቅ ዓሣውን ዱባው ሥር ቀበረችው። ሽታው ግን ከቤት አልወጣም፤ ኮልፌ ውስጥ ዓሣ የሚሸት ቤት የእኛ ብቻ ነው። ዛሬ ከውሃ መቅጃው መንገድ አንዷ ለሌላዋ ስትል ሰማኋት፦ «ባንዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚሸተው?»

ዞሬ አላየኋቸውም። እጄን ሦስት ጊዜ በእንዶድ ታጠብኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ ፱

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፈው፤ ለማንም አልናገረውም።

ውሃው ጠርቶ ነበር። ካፒታኖው ጉልበቱን አሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዘንጉን ሰጠኝ። ዘንጉ ቀርከሃ ነው፤ በስድስት ተሰንጥቆ እንደገና የተጣበቀ፤ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም። «ወደ ኋላ ስታነሣው ጠብቅ» አለኝ። «ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ ይለቅ። የሰው ሁሉ ስህተት አለመጠበቅ ነው።» ጠበቅሁ። ላክሁት። ዝንቡ፣ እኔ የሠራሁት ዝንብ፣ ከድንጋዩ በታች አረፈ፤ ከሥሩ አንድ ቢጫ ነገር ተገለበጠና ክሩ ተወጠረ። ዓሣው ሲጎትተኝ እስከ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ካፒታኖውም ሳቀ።

ከማዶ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ቆመው ያዩን ነበር። አማተቡና ውሃ ሳይቀዱ ተመለሱ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሀብተሥላሴን ረሳሁት። ወንድሜ የት እንዳለ ሳላውቅ፣ እሱን የያዘው ሠራዊት መኮንን የሰጠኝን ዘንግ ይዤ ሳቅሁ። ራሴን መጥላት ነበረብኝ። ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ መጥላቱ አልመጣም። ከየካቲት ወዲህ ብዙ ነገር አይመጣልኝም። ወለተጻድቅ እራት አቀረበች፣ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ ፲፱

ዝናቡ ገባ። ወንዙ ቡና መስሏል። ካፒታኖው እስከ መስከረም ማብቂያ አይወጣም። በክረምቱ ስድሳ ዝንብ እንድሠራ አዘዘኝ፤ ሃያ ገብስማ፣ ሃያ ቀይ፣ ሃያ ጥቁር።

መልስ አልመጣም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ ፰

ጽጌማርያም የሀብተሥላሴን ካፖርት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ሰጠችው። ተቆጣኋት። «ሲመለስ በዚህ ብርድ ምን ሊለብስ ነው?» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለችኝ። ወለተጻድቅ ከምድጃው አጠገብ ሆና ትኩር ብላ አየችኝ። ንግግሬ በዛ መሰለኝ። ዛሬ አምስት ጥቁር ሠራሁ፤ ሁለቱ ጥሩ አይደሉም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ፳

ሸማኔው ዱባለ ጎረቤቴ ነው፤ ሐር ሲያልቅብኝ ከጥጡ ቀጭኑን መርጦ ይሰጠኛል። ዛሬ ክሩን ከሰጠኝ በኋላ አልወጣም። በሩን ገርበብ አደረገው።

«ጋሽ አምሐ፣ ሰው የሚለውን ሰምተዋል?»

«ባንዳ ነው ይላል።»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን ለጣሊያኑ ድግምት ይሠራል ነው የሚሉት። ገብስማ ያርዳል፣ ላባውን በክር ያስራል፣ ወንዙን በአርጩሜ ይገርፋሉ፤ አርበኛው ያንን ውሃ ጠጥቶ ጉልበቱ እንዲከዳው። ሰው ውሃ መቅጃውን ቀይሯል እኮ!»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልወጣም። ዱባለም አልሳቀም። «እኔ ከዛፍ ሥር ሆኜ አይቻችኋለሁ» አለኝ። «ዓሣ ማጥመድ ነው። አስካሪዎቹም እላይ እንደሚቀሩ አይቻለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ቀኑን ይንገሩኝ። ከኮልፌ ራቅ ብሎ፣ ወደ ገፈርሳ፣ ሰፈሩ እንዳይቃጠል። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

የገባኝ ወዲያው ነው። ያልገባኝ መስዬ ክሩን በብርሃን አየሁት። «ውሃ የእግዜር ነው፣ ማን ያውቃል» አልኩት።

«እርስዎ ያውቃሉ» አለኝና ሄደ።

ካፒታኖው ከሞተ ወረቀቱን ማን ያመጣል? ስሙ በእሱ ኪስ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። አፌን እዘጋለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፫

ፍልሰታ። ሃያ ስምንት ዝንብ። ዓይኔ ደከመ።

ካፒታኖው ጋ ሄድኩ። መልስ አልመጣም አለ። የሠራኋቸውን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያቸው። «እጅህ እንደ ድንጋይ ጸጥ ያለ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፲፪

ወለተጻድቅና ጽጌማርያም ጧት ተነሥተው ዳቦና ንፍሮ በመሶብ ተሸክመው ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄዱ። ዝናቡ እየወረደ ነው። ምንድነው አልኩ። ማኅበር ነው አለች ወለተጻድቅ። የምን ማኅበር እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሲመለሱ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር። እርጥብ እንጨት ነው፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል።

ዛሬ ልክ ስድስት ወሩ ነው ከተያዘ። ይህንን ለማንም አላነሣሁም።

ቅዳሜ፣ መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፴

አዲስ ዓመት ነው። ዱባው አፍርቷል፤ የሰፈሩን ሁሉ ያስንቃል። ማንም ስጡን ብሎ አልመጣም። ስድሳው ዝንብ አለቀ።

ዓርብ፣ መስከረም ፳፰

ወንዙ ዳር ዳሩ ጠርቷል፣ መሃሉ ገና ነው። አሥር ቀን ቢቀረው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፭

ዱባለ መጣ። ተቀመጠ። ሸማኔ መጠበቅ ያውቅበታል።

«ሐሙስ» አልኩት በመጨረሻ።

«የፊታችን?»

«የፊታችን ሐሙስ።»

እጄን ሳመኝ። ማንም እጄን ስሞኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲

ካፒታኖውን ዛሬ ወሰድኩት። አንድ ቀን አስቀደምኩ። አሥራ አንድ ያዘ፤ በቀዩ ስድስት፣ በገብስማው አምስት። እንደ ሕፃን ሆኖ ዋለ። የአባቱን አገር ወንዝ ነገረኝ፤ ትሮታው በጸደይ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ፣ በመጸው ሴቷ ጠጠሩን በጭራዋ ጠርጋ እንቁላሏን እንዴት እንደምትጥል። እኔ ማዶ ያለውን ዛፍ እያየሁ ነበር።

«የወንድሜ ነገር?»

«ይመጣል፣ አምሐ፣ ይመጣል።»

ዱባለ ቢጠይቀኝ ካፒታኖው በድንገት ሐሳቡን ለወጠ እለዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፫

አልጠየቀኝም። ራሱ ነገረኝ እንጂ። ሐሙስ ሌሊቱን አርበኞቹ ወርደው እስከ ማታ ገደል ሥር ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። ሲመለሱ የመንገድ ጠባቂዎች አገኟቸው። አራቱ አመለጡ። መሸሻ የሚባለው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ቀረ። ትናንት ሰቀሉት።

«ጣሊያን እንደ በልግ ሰማይ ነው፣ አይታመንም» አለኝ ዱባለ። «እርስዎ ምን ያድርጉ።»

መሸሻን አላውቀውም። ይህን ሦስት ጊዜ ለራሴ አልኩት፤ አላውቀውም። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ዱባለን መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። ሀብተሥላሴ ሲፈታ ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ። እሱ የተማረ ነው፣ ልክ ሠራህ ወይም አልሠራህም ብሎ ይፈርዳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፭

ካፒታኖው አስጠራኝ። ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ዕቃው ተከምሯል። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለ።

ቆሜ አነበብኩት። የወንድሜ ስም ተሳስቶ ተጽፏል፤ ግን እሱ ነው። የሞተበት ቀን የእነሱ የካቲት ሃያ፤ በእኛ የካቲት አሥራ ሦስት ነው። በተያዘ በማግሥቱ። ከታች ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ላይ ቀን አለ፤ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት። ግንቦት አሥራ ሁለት። ስሙን በሰጠሁት በዘጠነኛው ቀን መልሱ መጥቷል።

«ከግንቦት ጀምሮ እዚህ ነበር?» አልኩት።

«አዎ።» አላፈረም። ያዘነልኝም ይመስል ነበር። «ብነግርህ ኖሮ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐዘንተኛ እጅ ዝንብ አይሠራም። ክረምቱን በሰላም አሳለፍክ፤ አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ስለ ውሃው ጠየቀኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ በእነሱ የሙታን መታሰቢያ ነው፣ ሥራ የለውም፤ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ማጥመድ ይፈልጋል። አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ባርኔጣዬን አንሥቼ ነው የወጣሁት። ባርኔጣዬን አነሣሁለት!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፮

ወረቀቱን ለወለተጻድቅ ሰጠኋት። ጣሊያንኛ አታነብም፤ ግን አልጠየቀችኝም። አጥፋ መለሰችልኝ።

«ገና አሁን ነገረህ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይኸውላችሁ እኔ፣ የጥልፍ ሠራተኛው፣ ቀጭን ክር በጨለማ የሚታየኝ ሰው። ፀጉሩን። ካፖርቱን። ዳቦና ንፍሮውን።

ከቀባሪዎቹ አንዱ መጋቢት ላይ መጥቶ ለጽጌማርያም ነግሯት ነበር። አርባውን አወጡ፣ ሰማንያውን አወጡ፣ መንፈቁን በዝናብ ተሸክመው ሄደው አወጡ። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ የተከለከለ ስለሆነ ጓዳ ውስጥ ነጠላ አፋቸው ላይ እየያዙ አለቀሱ፤ እኔ እዚህ ማዶ ላባ እየጠመጠምኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታውቃለህ ብለን ነዋ!» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «ካፒታኖውን ቤት ድረስ ስታስገባ፣ ስለ እሱ እንደ ሕያው ስታወራ፣ እኛን ለማትረፍ ነው የምታስመስለው ብለን። አንጀቱን አስሮ ነው አልን። ጽጌማርያም ለካፖርቱ የተቆጣሃት ጊዜ እንኳን፣ እንዴት ያለ ጀግና ነው ብላ አልቅሳልሃለች።»

ጽጌማርያም በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እርስዎ አያውቁም ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ውሸት መሰለኝ። አውቅ ነበር? ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም እዚህ አለ።

እንባ አልመጣም። ወለተጻድቅ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው ከሁሉ ያስጠላኝ፤ አልተንቀጠቀጠም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፯

መሸሻ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ጠየቅሁ። እናቱ በሕይወት አለች፤ እሷም ማልቀስ አልተፈቀደላትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፰

ጧት እስከ ገፈርሳ ድረስ ወንዙን ይዤ ሄድኩ። ከላይ፣ አንድ ሾላ ከተጋደመበት፣ ጥልቅ ኩሬ አለ። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ከመንገዱ ራቅ ይላል፣ ከኮልፌም ራቅ ይላል፣ ከሁለት በኩል ገደል ነው። ለካፒታኖው ማክሰኞ ጧት፣ ከላይኛው ኩሬ፣ ትልልቁ ዓሣ እዚያ ነው አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ዱባለ ቤት ገባሁ። ሽመናው ላይ ነበር።

«ማክሰኞ» አልኩት። ቦታውን ነገርኩት። ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ ኩሬው ላይ ስትወድቅ።

መወርወሪያውን አስቀመጠ። «ያለፈው ጊዜ እንዳይሆን።»

«ያለፈው ጊዜ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። መሸሻን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየና «አሁንስ እንዴት ልመንዎት?» አለኝ።

ከኪሴ የጣሊያኑን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። ማንበብ አይችልም፤ ስሙን አሳየሁት፣ ቀኑን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሀብተሥላሴ የዱባለን እህት ልጅ ፊደል ያስቆጠረ ነው።

«አስካሪዎቹ?» አለ።

«እላይ፣ መኪናው ጋ። ጥላቸው ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ይፈራል።»

«የእኛዎቹ ከገደሉ ላይ ሆነው ነው የሚተኩሱት። ከሩቅ ሰው ከሰው አይለይም። ከካፒታኖው ጋር ሌላ ሰው ይኖራል?»

መረቡን ይዤ አንድ እርምጃ ከኋላው የምቆመው እኔ ነኝ።

«ማንም የለም» አልኩት።